ድምፁ የተዘጋው ምስል

ረዳት ሳጅን ሙጂባ እንደዚያ ቀን ደረቷን ነፍታ ወደ አዛዡ ቢሮ ገብታ አታውቅም። የባጃጅ ሹፌሩ ኢስሃቅ «በዱላ መታችኝ» ብሎ ከሷታል። ክሱ ከጸና የምትጠብቀው የማዕረግ እድገት ቀረ ማለት ነው። እሷ ግን ምን ገዷት! ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ ማንጠልጠል ሲጀምሩ ሌላው «ልንሰለል ነው» ብሎ ሲያጉረመርም፣ እልል ያለችው እሷ ነበረች። አልመታችውም፤ ካሜራው ምስክሯ ነው።

ኢስሃቅ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እናቱ ኑርሀያትም «ልጄን የነካውን ልየው» ብለው አብረውት መጥተዋል።

አዛዡ ኢንስፔክተር እንዳለ ምስሉን ሲከፍት ከውስጡ የሚወጣው የመኪና ጥሩንባ ጆሮውን ቢበጥሰው ድምፁን ዘጋው። ወደ ሐይቅ ከተማ የሚያወጣው መንገድ፣ የሚኒባስ ግርግር፣ መንገድ ዘግታ የቆመች ባጃጅ። ኢስሃቅ እጁን እያወራጨ ይከራከራል። ዱላ የሚባል ነገር አልተነሳም።

«ይኸው! የታለ ምቱ?» አለ አዛዡ።

የሙጂባ ፈገግታ ግን ፊቷ ላይ ደረቀ። በምስሉ ውስጥ የኢስሃቅ ፊት ድንገት ክው ብሎ ሲቀር አየች፤ ያን ጊዜ ያለችውንም አስታወሰች። በንዴት እናቱን ሰድባበታለች፤ ልጅ የሆነ ሁሉ ቢገድሉት በአፉ የማይደግመውን ስድብ። እንዲህ ተባልኩ ብሎ መክሰስ አልሆነለትም፤ ስለዚህ ተመታሁ አለ። አሁንም ውሸታም ተብሎ ሊወጣ ተነሳ እንጂ ትንፍሽ አላለም። ሙጂባ አፈረች፤ ከልቧ አፈረች።

«ጌታዬ፣ ምስሉ ድምፅም አለው» አለች።

ኢስሃቅ ደነገጠ። «ተይው! በአላህ ተይው፣ እናቴ አለች!»

«አይከፈትም። እኔው እናገራለሁ» ብላ ከኑርሀያት እግር ስር ተንበረከከች። «እማማ፣ አልመታሁትም። ግን ክፉ ቃል ተናግሬያለሁ፤ በርስዎ። አፉ ይበሉኝ።»

ኑርሀያት ምን እንደተባሉ አልጠየቁም። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ተመታሁ ያልከው ለዚህ ኖሯል?» ኢስሃቅ አቀረቀረ።

«ይህ ከተጻፈ ማዕረጉ ዘንድሮ የለም» አለ አዛዡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይጻፍ» አለች ሙጂባ ሳትነሳ።

«እኔ አፉ ብያለሁ» አሉ ኑርሀያት ክንዷን ይዘው እያነሷት። «ውሸታም ያሰኘሽው ግን እሱን ነው። እሱን ጠይቂው።»

ሙጂባ ወደ ኢስሃቅ ዞረች። «አልዋሸህም፤ በዱላ ባይሆንም በአፌ መትቼሃለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ» አለችው፤ በሩ ላይ የተኮለኮሉት ፖሊሶች ሁሉ እንዲሰሟት ጮክ ብላ።