ይህ ሞተር አይወርድም

ሽመክት መፍቻውን ይዞ ብቅ ሲል ዋጋዬ ወደ ባጃጇ ኋላ ዞረችና ጀርባዋን ለሞተሩ መክደኛ ሰጥታ ቆመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ክንዷን አጣምራለች። እንዲህ ከቆመች የሚያነሳት እንደሌለ ዳንግላ ሁሉ ያውቃል።

«እትዬ ዋጋዬ፣ ዞር ይበሉልኝ እንጂ ልሥራ።»

«ሥራ፤ ማን ያዘህ? ይህን ሞተር ግን አታወርደውም።»

«ሳላወርደው ምኑን ልሥራው? ፋሻው አልቋል አልኩዎት እኮ። ሆዱ ውስጥ ያሉት ቀለበቶች ተበልተዋል። አቅም የለውም።»

«አይተሃቸዋል?»

«ሳልከፍተው በምን አያለሁ?»

«ታዲያ ያላየኸውን ምን አስወራህ?»

ከጋራዡ አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ፋና ፓስቲ እየጠበሰች ሳቋን ለቀቀችው። ሽመክት ወደ እሷ ገላምጦ መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ሽመክት ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁም የተመሰከረለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህች ባጃጅ ሲለፋ ውሏል። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየረ። አየርና ቤንዚን የሚቀላቀሉበትን ካርቡሬተር ፈትቶ በቤንዚን አጠበ፤ ቀዳዳውን ሁሉ በአፉ ነፋ። ሚኒሞ የሚሏትን፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ድምፁን ከፍና ዝቅ የምታደርገውን ብሎን አጠበቀ፣ አላላ፣ ደግሞ አጠበቀ። አየር በጎን እየገባበት እንደሆነ ብሎ ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ገና እንዳስነሳ በየመጋጠሚያው ውሃ ረጭቶ የድምፁን መለወጥ አዳምጧል። ምንም የለም። ሕመሙ ግን ያው ነው። ሲነሳ ደህና ነው፤ ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይጮኻል፣ ዳገት ላይ ያስነጥሰዋል፣ ሰው ለማውረድ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሽመክት ሁሉንም ሞክሮ ሲያበቃ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩን ከነነፍሱ አውርዶ ሸራ ላይ መበተን። ከዚያ ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሁለት ሳምንት።

ዋጋዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ሁለት ሰዓት የላትም። ማኅበራቸው ከመናኸሪያው የሚነሱ አሥራ አራት ባጃጆች አሉት፤ አሥራ አራት ቦታ፣ አንድም የማይጨመር። ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ባጃጅ በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ተራው ይሰረዝና ለተጠባባቂ ይሰጣል። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ዘጠነኛዋን ቦታ ለማግኘት ሁለት ዓመት ተጠባብቃለች። ከአሥራ አራቱ ሴት እሷ ብቻ ነች።

ጊዜው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተራ አስከባሪው ደርበው በጋራዡ በር አንገቱን አስገባ። ከኋላው የሚስቱ ወንድም መሳፍንት የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል። ከተጠባባቂዎቹ የመጀመሪያው እሱ ነው።

«ዋጋዬ፣ አለሽ?»

«ዓይንህ እያየ?»

«ላስታውስሽ ብዬ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ነው።»

«የሰዓት ደወል ሆነህ ተቀጠርህ እንዴ?»

«አይ አንቺ! አሁን ምን ያናድድሻል? ሞተሩ እንዳለቀ ሽመክት ነግሮኛል። ያለሽ ሙያ አለሽ፣ ማሰሮዎችሽም አልተሰበሩም። ያንቺን አረቄ የሚረሳ ሰው አለ?»

መሳፍንት ሳቀ። ዋጋዬ የነጠላዋን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገች።

ሃያ ሁለት ዓመት አረቄ አውጥታለች። ከአዘና ወደ ዳንግላ ስትመጣ ከአገውኛ ሌላ ቋንቋ፣ ከአረቄ ሌላ ሙያ አልነበራትም። ትምህርቷም ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ጢሱ ዓይኗን አቀላው፣ ደረቷን አሳለው። አርባ ስድስት ዓመቷ ላይ ማሰሮዎቹን ጓሮ ደፍታ መሪ ጨበጠች። ያን ቀን በልቧ አንድ ነገር ብላለች፤ ከእንግዲህ ለዚያ ጢስ አላጎነብስም። ሹፌሮቹ እስከ ዛሬ ስሟን አይጠሩም። «አረቄ መጣች» ነው የሚሏት። ይበሉ። ወደ ማሰሮው መመለስ ግን ሌላ ነው።

ደርበው ሲሄድ ዋጋዬ ከሞተሩ መክደኛ ተነሳች። ሽመክት እሺ ያለች መስሎት ሸራውን ዘረጋ።

«ሸራህን እጠፍ» አለችው። «አስነሳው።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አስነሳውና ይሙቅ። እስኪጮህ ድረስ ይሙቅ።»

«አይ እናቴ፣ ቤንዚን ማቃጠል ነው እኮ ትርፉ።»

ራሷ ገብታ አስነሳችው። ከዚያ የፋናን የውሃ ጆግ አንስታ ከሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሞተሩ እየሠራ ቆየ፤ ሽመክት በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆነው ሞተሩ እንደ ልማዱ ብቻውን መጮህ ጀመረ። በአገውኛ ሰደበችውና መዳፏን ውሃ ውስጥ ነከረች።

አረቄ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚደረገው። ከማሰሮው የሚነሳው እንፋሎት በመቃው አልፎ መቀበያው ውስጥ መንጠባጠብ አለበት። ጠብታው ከቀነሰ አንድ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። ያኔ ሴትዮዋ እጇን አርጥባ በምርጊቱ፣ መጋጠሚያው በሊጥ በተደፈነበት ዙሪያ ታዞራለች፤ እንፋሎቱ የወጣበት ቦታ ላይ እጇን ለብለብ ያደርጋታል። ዋጋዬም እርጥብ እጇን ከካርቡሬተሩ ጀምራ በየመጋጠሚያው አዞረች። የሚወጣ ነፋስ ፈለገች። ከላይ የለም። በጎን የለም።

«ምን አሉ ዶክተር?» አለ ሽመክት። «ትኩሳት አለው?»

«አፍህን ያዝ።»

ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኝ አጭር ጥቁር የላስቲክ አንገት አለ። እጇን በእሱ ሥር፣ ዓይን በማያይበት በኩል ስታሾልክ መዳፏ ቀዘቀዘ፤ በዚያው ቅጽበት የሞተሩ ጩኸት ላላ። እጇን አነሳች፤ ጮኸ። መለሰች፤ ላላ።

ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ስትፈልግ የቆየችው የሚወጣ ነገር ነበር። ይህ ግን አያስወጣም፤ ወደ ውስጥ ይስባል። ማሰሮ ይተነፍሳል፣ ይህኛው ይምጋል።

«ሽመክት፣ ና እዚህ። አየር የሚስበው በዚህ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «የቤንዚን ቱቦው እዚያው አጠገብ ነው። እጅዎ እሱን ጫን ብሎት ይሆናል፤ ቤንዚን ሲያንሰው ድምፁ ይወርዳል። በዚህ ብቻ አልፈርድም።»

ልክ ነው። ዋጋዬም ልክ መሆኑን አወቀች፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ብድግ ብላ ወደ ሻይ ቤቱ ተጣራች።

«ፋና! ከፓስቲሽ ሊጥ አንድ ጭብጥ ስጪኝ።»

«እትዬ፣ ሊጤን ምን ልታደርጊው?»

«ልመርግበት።»

«ሞተር?»

«አዎ ሞተር! ስጪኝ አንቺ፣ ይረፍድብኛል።»

ፋና ሊጡን ይዛ እየሳቀች መጣች፤ ሻይ የሚጠጡትም ብርጭቋቸውን ይዘው ተከተሏት። ዋጋዬ ሊጡን በመዳፏ አድቦልቡላ እንደ ገመድ አረዘመችው። ሽመክት እንዳያጉረመርም በጠረጠረችው ቦታ አልጀመረችም። መጀመሪያ ካርቡሬተሩና የላስቲክ አንገቱ የሚጋጠሙበትን ዙሪያውን መረገች። ሞተሩ ጩኸቱን አልቀነሰም። ቀጥላ አንገቱና ሞተሩ የሚጋጠሙበትን መረገች። እንደዚያው ነው። አንዱ ሻይ ጠጪ «ይበስላል አሁን!» አለ፤ ሌሎቹ ተንጫጩ። ዋጋዬ ዞር አላለችም። የቀረውን ሊጥ ጠፍጠፍ አድርጋ፣ ቱቦውን በሌላ እጇ ራቅ አድርጋ ያዘችና ከአንገቱ ሥር ለጠፈችው።

ሞተሩ ዝም ያለ መሰለ። አልጠፋም። ረጋ ብሎ፣ ዱክ ዱክ ዱክ እያለ፣ ልክ እንደ ዱሮው መሥራት ጀመረ። ሳቁም ቆመ።

ሊጡን ላጠችው። ጮኸ። ለጠፈችው። ረጋ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትልጠው ገልብጣ ለሽመክት አሳየችው፤ ሊጡ ላይ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ መስመር ጎልቶ ወጥቷል። ሞተሩ ሊጡን በስንጥቁ ወደ ውስጥ ሊስበው ሲታገል የሠራው ነው።

ሽመክት መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «እኔ እኮ ውሃ ረጭቼበታለሁ።»

«መቼ?»

«ጠዋት ነዋ።»

«ቀዝቅዞ እያለ?»

መፋቂያውን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ከላይ ነው የረጨኸው ወይስ ከሥር?»

ሽመክት ጎንበስ ብሎ ከላስቲኩ ሥር አየ።

«ስማኝ ልጄ። የተሰነጠቀ ማሰሮ ገና ሲጣድ ደህና ነው። ሲግል ነው የሚከፈት። ያንተም ላስቲክ እንደዚያው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጤነኛ እያለ አከምኸው።»

ሽመክት ሞተሩን አጠፋ። የላስቲክ አንገቱን በሁለት በኩል የያዙትን የብረት ማሰሪያዎች አላልቶ አወጣውና በአውራ ጣቱ አጠፍ ሲያደርገው፣ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንደ አፍ ተከፈተች። ለአፍታ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«አዲሱ ዳንግላ የለም። እንጅባራ ምናልባት።»

«ለዛሬ የሚያደርሰኝን አድርግ።»

የቆየ የሞተር ብስክሌት የውስጥ ጎማ በመቀስ ቀደደ፣ ላስቲኩን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ማጣበቂያ ቀባ፣ ቁራጩን ሦስት ዙር ጠምጥሞ በቀጭን ሽቦ ጥፍር አድርጎ አሠረው። ከመለሰው በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሽከረክራት የነበረችውን የሚኒሞ ብሎን ቀስ እያለ ወደ ቦታዋ አመጣት። ሞተሩ ሲነሳ ዋጋዬ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ነጠላዋን ፈታ መሪው ላይ ተቀመጠች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው።

ሽመክት ሳይጠየቅ ከኋላ ዘሎ ገባ። «ዳገቱ ላይ ልስማው።»

ዳገቱ ላይ አንዴም አላስነጠሰውም።

መናኸሪያው የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው በሰው ላይ ነው። ዘጠነኛዋ ቦታ ላይ የመሳፍንት ባጃጅ ቆሟል፤ መስተዋቱ ላይ አዲስ ጨሌ አንጠልጥሏል። ከሹፌሮቹ አንዱ «ኧረ አረቄ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«መጣሁ!» አለች ዋጋዬ፤ የባጃጇን አፍንጫ ከመሳፍንት ኋላ አስጠግታ ቆመች። «ንሣ፣ ቦታዬን ልቀቅ።»

ደርበው ዝርዝሩን በብብቱ ይዞ መጣ። «ጊዜው አልፏል።»

«ስልክህን አውጣ።»

አላወጣም፤ ስድስት ሰዓት ገና አልሞላም። «ቢሆንስ? ሞተሩ ያለቀ ባጃጅ ሰው አይጭንም። መካኒኩ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሁሉም ወደ ሽመክት ዞሩ። ሽመክት ከኋላ ወንበር ላይ እጁ እንደጠቆረ ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ ሹፌር ነገ ጋራዡ የማይመጣ የለም። ዋጋዬ አልለመነችውም፤ መሪዋን ይዛ ፊት ለፊት እያየች ነው። ሽመክት ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ አንገቱን አወጣ።

«ነግሬህ ነበር» አለ። «ተሳስቼ ነው የነገርሁህ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። አየር ይስብ ነበር፤ ያገኙትም እሳቸው ናቸው።»

«በምን አገኘችው?»

«በሊጥ።»

ሹፌሮቹ አውካኩ። ደርበውም ፈገግ ብሎ ጣቱን ወደ ሞተሩ ቀሰረ። «ሲሞቅ ነው ብለኸኝ የለም የሚጠፋ? እንግዲህ ሩብ ሰዓት ቆሞ ይሥራ። ከጠፋ ጉዳዩ አለቀ።»

«ይሥራ» አለች ዋጋዬ። እጇን ከመሪው አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። በጣቶቿ መሀል የፋና ሊጥ ደርቋል፤ እሱን ትፈቀፍቅ ጀመር።

ሞተሩ ዱክ ዱክ ይላል። የሹፌሮቹ ሳቅ እየሳሳ ሄደ። አንዱ ጠጋ ብሎ አዳመጠ፤ ሌላው «ከኔው ይሻላል እኮ» አለ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ የድንች ጆንያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሰለቻቸውና «ይህች ትሄዳለች ወይስ ለዕይታ ነው?» ብለው ጠየቁ። ዋጋዬ በአገውኛ መለሰችላቸው፤ ሽማግሌው ሳቁና ጆንያቸውን አስጭነው ገቡ። ሽመክት ቦታ ለቆ ወረደ። ሁለት ሴቶች ተከተሉ።

ደርበው በመጨረሻ ስልኩን አወጣ። ስድስት ሰዓት ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኗል፤ ሞተሩ አልጠፋም።

«ነገ ቢበላሽስ?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነገ ሌላ ሦስት ቀን ይቆጠርልኛል። አሁን መዝግብ።»

መሳፍንት ጨሌውን እያወዛወዘ ከዘጠነኛዋ ቦታ ወጣ። ዋጋዬ ግን አልገባችበትም፤ መኪናዋ ሞልታለች። ደርበው ዘጠነኛው መስመር ላይ እስኪጽፍ ድረስ ቆማ አየችው። ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፤ ስሟን ግን ታውቀዋለች።

«ዋጋዬ ነው የሚባለው» አለች ወደ ሹፌሮቹ ጮክ ብላ፣ ማርሽ አስገባችና ሄደች።