የታኮው ዘፈን

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ነፋስ፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

መነጽር ሠሪዋ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ በቀኝ ጆሮዋ ከተተች፤ ግራውን ጆሮ ለሱቁ ተወችው። ወንድሟ የዘፈነውን የካንትሪ ሙዚቃ አልበም በስልኳ ከላከላት ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ሦስቱንም ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አሳልፋዋለች። ዛሬ መሸሻ የላትም። አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ፍርዷን ይሰማል። ነገ ጠዋት አልበሙ ለአሳታሚው ይሰጣል። ቅዳሜ ደግሞ አባታቸው ሊያዳምጠው ቃል ገብቷል።

ያስፈራት ይህ የመጨረሻው ነው። አባትና ልጅ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ቃል ከተለዋወጡ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«እኔ ስለ ሙዚቃ ምን አውቄ?» ብላው ነበር በስልክ።

«ለዚሁ እኮ ነው እቴቴ። የሚያውቁትማ አድንቀው ገደሉኝ። አንቺ እየሠራሽ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ ስሚው። እጅሽን ሥራ ያስፈታው ዘፈን ጥሩ ነው ማለት ነው።»

የመሞረጃውን ድንጋይ አስነሣችው። ውሃው በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። በእጇ ያለው ሌንስ የአንዲት መምህርት ነው፤ በዳርቻው ቀጭን ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። እስከ መስመሩ መሞረድ፣ እዚያ ላይ ማቆም፤ ሥራዋ ይኸው ነው። መስመሩን ያለፈ ሌንስ ከፍሬሙ ይሾልካል። የተሞረደ መስታወት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

የመጀመሪያው ዘፈን ስለ መንገድ ነበር፤ ጊታሩ እንደማይቸኩል ፈረስ ሶምሶማ ይረግጣል። ሁለተኛው ስለ ውሻ። በሦስተኛው ሚስት ትሄዳለች፤ በአራተኛው ሌላዋ ትከተላታለች።

«እንዴት ነው?» አለች ሻጯ ከባንኮኒው ማዶ። ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ ያላት ሴት ናት።

«እስካሁን ሁለት ሴቶችና አንድ ውሻ ጥለውት ሄደዋል።»

«ካንትሪ እንደዚያ ነው። መኪናውስ?»

«መኪናው አለ።»

«ቆይ ብቻ፣ እሱም ይሄዳል።»

በአምስተኛው ዘፈን እግሯ ሳታዘው ወለሉን መታ። ስድስተኛው ረዘመባት፤ ቫዮሊኑ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ እንደደረሰ ዘመድ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ሆኖም ቀለል አላት። አራት ብቻ ቀርተዋል፤ እስካሁን አባት የሚባል ሰው በአንዱም አልተነሣም።

ሰባተኛው ቫዮሊን አልነበረውም። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና በጊታር ብቻ ጀመረ። ቁልቁለት ግቢ ነበረን፣ አለ። የአባቴ የጭነት መኪና ነበር። የእንጨት ታኮ ነበር።

የሌንሱን ጠርዝ ወደ ድንጋዩ አስጠጋች።

በዚያ ቤት ሕጉ አንድ ነበር። ታኮው ከጎማው ሥር ካለ፣ ከመኪናው ሥር ሰው አለ። ታኮው በበሩ ምስማር ላይ ከተሰቀለ፣ ሥራው አልቋል። ታኮውን ማስገባትና ማንሣት የትንሹ ልጅ ፋንታ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ድምፁ ከሰውነቱ ስለሚበልጥ አባቱ «ክላክስ» የሚለው።

ታኮውን ያነሣሁት እኔ ነኝ አባዬ፣ ይላል ዘፈኑ። እንጨቱ ዛሬም እጄ ላይ ይከብዳል። እግርህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

እሷ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመኪናው ሥር የሰው እግር አልታያትም፤ አባቷ መፍቻ ሊያመጣ ጓዳ ገብቶ ነበር። ታኮው አደናቀፋት። ሥራው ያለቀ መስሏት አነሣችና በገመዱ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። አባቷ ተመልሶ ጎማውን ሳያይ ከሥር ገባ፤ መኪናው ቁልቁል ተንከባልሎ እግሩን ጨፈለቀው።

ታኮውን ምስማሩ ላይ ያገኙት ሁሉ ዐይናቸውን ወደ ክላክስ አዞሩ። ልጁ መጀመሪያ «አላነሣሁም» አለ። ሲደጋግሙበት «አላስታውስም» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲደጋግሙበት አስታወሰ። እሷም ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስትል ነገሩ ሆድ ይፍጀው ሆኖ ቀረ።

«ኧረ ሌንሱ!» ሻጯ ጮኸች።

እጇን ነጠቀች። ቀዩ መስመር በአንድ ወገን ጨርሶ የለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ልብሽን የወሰደው ስንተኛው ነው?»

«ሰባተኛው» አለች ሳታስበው።

ወንድሟ ልክ በአሥር ሰዓት ገባ። ጃንጥላውን ከበሩ ውጭ አራገፈ፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ ጠረገ፤ በሰው ቤት ያደገ ሰው አገባብ ነው። ከአደጋው በኋላ አክስታቸው ናት ያሳደገችው።

«እሺ እቴቴ። ፍረጂኝ።»

«ጥሩ ነው። አምስተኛው እግሬን አስጨፍሮታል።»

«ሰባተኛውስ?» ዐይኑን መደርደሪያው ላይ ካሉት ፍሬሞች አልነቀለም።

«እሱ… ይጎትታል። አውጣው። ዘጠኝ ይበቃሃል።»

ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ልንገርሽ? የጻፍኩት እሱን ብቻ ነው። ሌሎቹ አጃቢ ናቸው። ግን አንቺ አልጣመኝም ካልሽ፣ አባዬም አይጥመውም።»

ስልኩን አውጥቶ ለአሳታሚው መጻፍ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አለች በልቧ። አንድ ደቂቃ ብቻ ዝም ብል ያልቃል። ዘፈኑ ይቀራል፤ የሚጠይቅ የለም።

«ውሸቷን ነው!» አለች ሻጯ። «የመምህርቷን ሌንስ ያስበላት እኮ እሱ ሰባተኛው ነው! ይኸው፣ እይ!»

ወንድሟ ሌንሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዞረው። የተበላውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፈገግ ሲል የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ፊቱ ላይ መጣ።

«እጅሽ ሥራ ፈቷል። ታዲያ ለምን አውጣው ትይኛለሽ?»

«ዜማው አይደለም። ቃሉ ነው። ልክ አይደለም።»

«የቱ?»

«ታኮውን ያነሣሁት እኔ ነኝ የሚለው።» እጁ ላይ ያለውን ሌንስ አየች። «አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።»

«እቴቴ፣ በዚህስ አይቀለድም።»

ነገረችው። መፍቻውን፣ ያልታያትን እግር፣ ያደናቀፋትን እንጨት፣ ምስማሩን፣ አንድም ሳታስቀር። ሻጯ ምንም ሐሳብ ሳትሰጥ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ክብደቱ እኮ ትዝ ይለኛል» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ሌላ ቀን ያነሣኸው ነው። ስንት ቀን አንሥተኸው የለ?»

ሌንሱን ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበር እንደሚፈራ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የተበላሸ ሌንስ መሆኑን ረስቶታል።

«ሃያ ሁለት ዓመት፣ እቴቴ።»

«ቅዳሜ ከዘፈኑ በፊት እነግረዋለሁ። እምልልሃለሁ።»

«ቅዳሜ አይደለም።»

ለአሳታሚው የጀመረውን መልእክት አጠፋ። የአባታቸውን ቁጥር አወጣና ስልኩን በሌንሱ አጠገብ ወደ እሷ ገፋው። እሷ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ደወለች።

አባታቸው በሦስተኛው ጥሪ አነሣ።