የኑህ ደባብ

ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል። ኑህን አላህ አላሳጣውም፤ ያውም ሩቅ ሳይሄድ አብሮ አደጉን፣ እኔን ጃፋርን ሰጠው።

ሁለታችንም የሐይቅ ልጆች ነን። አንድ ሸኽ ፊት ተቀምጠን ቁርአን ቀርተን፣ በአንድ ዓመት ሳዑዲ፣ ደማም ገባን። እኔ ወርሻ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ጥፍሬ ከግሪስ ሳይጠራ፣ እሱ ራካ ሰፈር የቤት ሾፌር ሆነ። የሱ ካፊል፣ አሠሪው፣ በስሙ ይጠራዋል፤ የኔው «ያ ሐበሺ» ነው የሚለኝ። ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ሬሀናን ነው። ፈይሰሊያ ሰፈር የምትሠራበት ቤት መኪና ተበላሽቶ ከማዳሟ ጋር ወርሻችን የመጣች ጊዜ፣ መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ከኑህ ጋር ያስተዋወቅኋትም እኔው ጅሉ። የምነግራትን ቃል ሁለት ዓመት ስመርጥ እሱ በሁለት ሳምንት ነግሯት ጨረሰ። እሷም እሺ አለችው።

አንድ ቀን ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኑህ መዝሩዒያ የሚባል ሰፈር ወሰደኝ። የካፊሉ ወንድም ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሸራ የለበሰ ደባብ ቆሟል። ደባብ እዚህ አገር አሸዋ ላይ የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። የዚህኛው ጎማዎች ተንፍሰዋል፣ መቀመጫውን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። ከተነሳ አራት ዓመት አልፎታል አሉ።

«በርካሽ ሊለቁልኝ ነው» አለኝ ኑህ። «ብርዱ ሳይገባ ከተነሳ ኾበር ከተማ ገዢ አለው፤ የሬሀና ጥሎሽ፣ መህሯ ይወጣበታል። ቤተሰቦቿ ቆርጠዋል ጃፋር። ረመዳን ሳይገባ ኒካህ ካላሰርን ኹሩጅ ጠይቃ ጠቅልላ አገሯ ትገባለች፤ አገር ቤት ሰው አዘጋጅተውላታል። ያለችኝን ሁሉ እዚህ ብረት ላይ አፍስሼ እምቢ ቢለኝ ደግሞ ኸላስ፣ አለቀልኝ። እስቲ እየው።»

ካንዴላውን ፈታሁ። ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ የማስነሻውን ገመድ ስስበው ትንፋሹ ጣቴን ገፍትሮ ወረወረው። ሞተሩ ጤነኛ ነው። የከረመ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ካርብራቶሩን ደፍኖታል፣ ያ ብቻ ነው ሕመሙ። የግማሽ ቀን ሥራ።

ቀና ስል ኑህ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሬሀና የላከችለትን ድምፅ እየሰማ ፈገግ ይላል። «ጃፋር አየው ወይ? እሱ ካየው ልቤ ያርፋል» ስትል ለኔም ተሰማኝ።  የኔ እጅ ደባቡን ሊያስነሳ፣ ደባቡ መህር ሊሆን፣ እኔ ደግሞ በሰርጋቸው ቀን ትሪ ላዞር!

«ሞተሩ ማፊ» አልኩት። «ሞቷል። ገንዘብህን ብታቃጥልበት እንጂ አይነሳም።»

እዚህ በኛ ሰው መሃል ያለ ወላሂ ሽንኩርት እንኳ አይሸጥም። ኑህ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ቀን ወላሂ በል ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀንም አላለኝም። ሸራውን መልሶ አለበሰውና «አልሐምዱሊላህ» አለ።

«ምኑ ነው አልሐምዱሊላህ?»

«ሦስት ቀን ኢስቲኻራ ሰግጄበታለሁ። ያ ረቢ፣ አንተ ምረጥልኝ አልኩት። ምልክት ሳጣ ጊዜ፣ በቃ ከጃፋር አፍ የሚወጣው መልስህ ይሁን ብዬ ለመንኩ። ይኸው መለሰልኝ። ለኔ ኸይር የለውም ማለት ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እንዲያውም በሳምንቱ ሄጄ ደባቡን ለራሴ ገዛሁት። በወንድምህ ግዢ ላይ አትግዛ የሚለውን ሐዲስ ከኑህ ጎን ተቀምጬ ነው የተማርኩት፤ አልጠፋኝም። ግን ስፈታውም ስገጥመውም የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ደባቡ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ሬሀና ስታየኝ። ቅናት ሰውን እንዲህ ያጃጅላል።

ሞተሩ በተነሳበት ቀን ከሰዓት በኋላ ኑህ የካፊሉን መኪና ዘይት ሊያስቀይር ወርሻ መጣ። ደባቡ ፊት ለፊቱ ይንደቀደቃል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሱብሃነላህ!» ብሎ አቀፈኝ። «ለኔ የሞተው ላንተ ነቃ! አላህ የጻፈልህ ሪዝቅ ነዋ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሬሀና ነገ ለማዳሟ ኹሩጅ እፈልጋለሁ ልትላት ነው። ሰላም በልልኝ ብላሃለች።»

ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ቢመታኝም እችለው ነበር። እሱ ግን የኔን ክፋት የአላህ ውሳኔ አድርጎ ተቀብሎ፣ ጭራሽ ደስ ብሎታል ለኔ። ደባቡን አጠፋሁት።

«ኑህ፣ መልሱ የአላህ አልነበረም» አልኩት። «የኔ ነበር። ያን ቀንም ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ዋሸሁህ። በሬሀና ቀንቼብህ ነው።» ቁልፉን እጁ ላይ አኖርኩለት። «ያንተ ነው። ዛሬውኑ ሽጠው፤ እሷንም ደውለህ አስቁማት።»

ኑህ ቁልፉን እያገላበጠ ያየዋል። በመጨረሻ ደባቡ ላይ ወጣና አስነሳው፤ ባንዴ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ድምፁን አዳመጠ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

«ምን ይላል?» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞርልኝ።

«ደህና ነው። ምንም የለበትም።»

እጁን ከመሪው ሳያነሳ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ወላሂ በል» አለኝ።