ቻምፓ የት ገባች

ሠራተኛዋ በአማርኛ አፏን ስትከፍት፣ በኩብራ ሳሎን የተቀመጡት ዐሥራ ሁለት ሴቶች ሳምቡሳ ማላመጣቸውን አቆሙ።

“እመቤቴ፣ ሻዩን እዚህ ላስቀምጠው?” አለች በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ቻምፓ። ትሪውን አስቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወጣች። በወርቅ የተንቆጠቆጡት አማትና ምራት ስለ ጓዳ ቁልፍ መጨቃጨቃቸውን ቀጠሉ።

“በቃ?” አለች ፋጤ።

“ይኸው ነው እንዴ?” አሉ እትዬ ሙሉወርቅ መነጽራቸውን ወደ ላይ እየገፉ። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሥራ ሲጎድል ዝም ማለት አይሆንላቸውም። “እዚህ ጋ እኮ ነው በሩን ዘግታ ያለቀሰችው። ‘እናቴ ሰው ቤት እንጂ እስር ቤት አልላከችኝም’ ያለችው እዚህ ጋ ነው። እኔ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።”

ሁሉም ወደ ኩብራ ዞሩ። ኩብራ የሳምቡሳውን ሳህን ከአንዷ ወደ አንዷ እያሳለፈች ነበር።

“ቆርጠውት ይሆናል” አለች ቀና ሳትል። “ሲተረጉሙ የሚቆርጡት ነገር አለ።”

የሰፈሩ ሴቶች ይህን የሕንድ ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከጭሮ መናኸሪያ ጀርባ ባለው በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ቴሌቪዥን ነው። ያኔ ሕንዶቹ የሚናገሩት ዐረብኛ ነበር። ዐረብኛውን ግማሹን ወደ አማርኛ፣ ግማሹን ወደ ኦሮምኛ እያመጣች የምታካፍላቸው ኩብራ ነበረች። ጅዳ አራት ዓመት ኖራለች፤ ቋንቋው እንደ ውኃ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሯ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ሳምቡሳው ይሸጣል፣ ኩብራ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትተረጉማለች።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተመልካች የሚቆጥሩበት መሣሪያ አላቸው ይባላል። የኩብራ መሣሪያ ጫማው ነበር። መጀመሪያ ላይ አማትና ምራት ሲሰዳደቡ ዐሥራ አምስት ጥንድ ይወልቅ ነበር። ስድቡ ሲደጋገም ግን ሰለቻቸው። እዚያ ሕንድ አገር ተመልካች ሲቀንስ ከሰዎቹ አንዱን ይገድላሉ፤ ያም ካልበቃ የሞተውን መንታ ወንድም ነበረው ብለው ያስነሡታል። ኩብራ ሰው መግደል አትችልም፤ ምስሉ አይታዘዛትም። አንድ ቀን አማትየዋ ስለ መሬት ውርስ ከጠበቃ ጋር ረጅም ወሬ ገጠመች፤ ሴቶቹም ማዛጋት ጀመሩ። ከኋላ ቻምፓ የምትባል ሠራተኛ ወለል ትወለውል ነበር። ኩብራ ሳታስበው፣ “ይቺ ልጅ እኮ ፓስፖርቷን እመቤቲቱ ቆልፋባታለች” አለች።

ማዛጋቱ ቆመ። እትዬ ሙሉወርቅ ብቻ፣ “በገዛ አገሯ ፓስፖርት ምን ያደርግላታል?” ብለው ጠየቁ።

“ሕንድ ሰፊ ነው፣ እትዬ። ካንዱ ክፍለ ሀገር ወዳንዱ የሚኬደው በፓስፖርት ነው።”

በማግሥቱ ጫማው ከዘጠኝ ጥንድ ወደ ዐሥራ ሦስት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቻምፓ ወለል በወለወለች ቁጥር ኩብራ አንድ ነገር ትጨምርላት ጀመር። ኩሽና ወለል ላይ እንደምትተኛ፣ በአራት ዓመት ውስጥ መንገድ ያየችው ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ላይ ስትወጣ ብቻ እንደሆነ፣ የቤቱን ቋንቋ የተማረችው ከኩሽና በር ኋላ ቆማ የሳሎኑን ቴሌቪዥን እየሰማች እንደሆነ፣ አንድ ሸሚዝ አሳርራ እመቤቲቱ በካውያው ክንዷን እንዳቃጠለቻት። ክረምቱ ሲገባ አማቷንም ምራቷንም የሚጠይቅ ጠፋ። “ቻምፓ ዛሬ እንዴት ዋለች?” እየተባለ ነበር ቤቱ የሚገባው። ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው ያለ የለም፤ ድራማ ነዋ። ድራማው በዐረብኛ ሳያልቅ ጣቢያው ሲያቋርጠው፣ ሴቶቹ የቻምፓን መጨረሻ ሳያውቁ ቀሩ።

ሌላ ያልተጠየቀ ነገርም ነበረ። ኩብራ ከጅዳ የተመለሰች ቀን ይህ ሃያ ዘጠኝ ኢንች ቴሌቪዥን በሚኒባስ አናት ላይ ታስሮ ነው የገባው። መንደሩ እልል አለ። እውነቱ ግን፣ ከአውሮፕላን የወረደችው አንዲት ፌስታል ይዛ ነበር። ሦስት ሳምንት ድሬዳዋ ወንድሟ ሙሜ ቤት ተደብቃ ከረመች፤ በባዶ እጇ ጭሮ መግባት አፈረች። በመጨረሻ ሙሜ፣ “በዚህ ሁኔታሽማ አትገቢም” ብሎ ከታይዋን ገበያ ቴሌቪዥኑን ገዝቶ ጫነላት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኩብራ ግን እያደር ከበደ። ሰዉ “ኩብራ አለፈላት” ሲል ስድስት ዓመት አለፈ፤ እሷም አለማስተባበል ለመደች።

ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ስምንት፣ የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተረጎመ የሚያቀርብ አዲስ ጣቢያ መጣ። በአንድ ወር ውስጥ የሰፈሩ ዲሾች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። ሴቶቹም አብረው ዞሩ፤ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ቤት እየሄዱ የቱርኩን ድራማ ማየት ጀመሩ፣ የኩብራ በር ላይ ሦስት ጥንድ ጫማ ቀረ። ኩብራም ዲሿን አስዞረች። አዲሱ ጣቢያ ያንኑ የሕንድ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ እንደሚያሳይ ሲሰማ፣ ሁሉም ተመለሱ። ቻምፓን ከራሷ አፍ ሊሰሙ፣ መጨረሻዋንም ሊያዩ ነበር የመጡት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቻምፓ ሻይ ብቻ አቀረበች። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ለበዓል ሳሪ ተሰጣት፤ ለብሳ ሳቀች፣ ዞር ዞር ብላም ጨፈረች። ሴቶቹ ተቆርጧል እያሉ እያጉረመረሙ ወጡ። ፋጤ ግን ቀረች።

ፋጤ የኩብራ የግድግዳ ጎረቤት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት እየቸረቸረች ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። የመጀመሪያዋ ሳምራ ዐሥረኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች።

“ከነገ ወዲያ በክሪ ከበዴሳ ከተማ ይመጣል” አለች ፋጤ። በክሪ ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም፤ በዚያ መንገድ ላይ ልጅ ያላት ሴት ሁሉ ደላላውን ታውቀዋለች። “በዱባይ በኩል አድርጎ ጅዳ ያስገባታል። ይኸው ፎቶም ተነሥታለች።” ከጡቷ ሥር መሐረቧን አውጥታ ፈታችው። አራት ጉርድ ፎቶ።

“አምና እምቢ ብለሽው አልነበር?”

“አምና ቻምፓ ነበረቻ። ወላሂ፣ ልጄን ባየሁ ቁጥር የቻምፓ ክንድ ነበር የሚታየኝ። አሁን ግን እያት። ትስቃለች። ልብስ ሰጧት። ያኔ ዐረቦቹ ናቸው ያጋነኑት።”

“ድራማ እኮ ነው፣ ፋጤ። በድራማ ልጅ አይላክም።”

“በድራማ አይደለም የምልካት፣ አቦ። ባንቺ ነው። ሄደሽ፣ ሠርተሽ፣ ይህን የሚያህል ቴሌቪዥን አሸክመሽ ገባሽ። አንድ ቀን ከፋኝ ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም።”

“ሁሉም ቤት አንድ አይደለም።”

“እሱማ ዕድል ነው። የኔ ልጅ ዕድል አይኖራትም ማለትሽ ነው?” ፋጤ ፎቶዎቹን መልሳ ቋጠረች። ድምጿ ቀዘቀዘ። “ያለፈለት ሰው መሰላሉን ይዞት ይወጣል ይላሉ። ካንቺ አልጠብቅም ነበር።”

ኩብራ ተነሣች። “ዘይቱ ሊያርብኝ ነው” ብላ ወደ ኩሽና ገባች። እሳቱ ላይ የተጣደ ዘይት አልነበረም።

ዓርብ ዕለት እትዬ ሙሉወርቅ ከቴሌቪዥኑ ግርጌ የሚያልፈውን ስልክ ቁጥር በክብሪት ቀፎ ላይ ጽፈው መጡ። “መብታችን ነው፤ እንጠይቃለን” አሉ። ቁጥሩን የምትመታ ሳምራ ተጠራች። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ስልኩ መሐል ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ተለቆ ተቀመጠ። ብዙ ከጠራ በኋላ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች።

“ልጄ፣ ከጭሮ ነው የምንደውለው፣ ከአሰበ ተፈሪ” አሉ እትዬ ሙሉወርቅ ጎንበስ ብለው። “የቻምፓን ታሪክ ለምን ቆረጣችሁት?”

“የማንን?”

“የቻምፓን። ሠራተኛዋን። ፓስፖርቷ የተቆለፈባትን።”

“እማማ፣ የቆረጥነው ነገር የለም። ሙሉውን ነው የምናሳየው። ሠራተኛዋ ሻይ ነው የምታቀርበው፤ በየክፍሉ ቢበዛ ሁለት ቃል ብትናገር ነው።”

“ክንዷ በካውያ የተቃጠለውስ?”

“እንዲህ የሚል ቦታ የለም። ይቅርታ፣ እማማ፣ ሰው ሁሉ የሚደውለው ስለ ምራቷ ነው። ስለ ሠራተኛዋ የጠየቃችሁን እናንተ ብቻ ናችሁ።” አመስግና ዘጋች።

ከውጭ የጫት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ድሬ አለፈ።

“እንግዲያ ውሸት ነበር” አለች ፋጤ። “ያን ሁሉ ያስለቀስሽን ውሸት ነበር?”

ኩብራ ወለሉን አየች። እትዬ ሙሉወርቅ ግን የሚያዩት እጅጌዋን ነበር፤ ሙቀት ነው ሳትል ሁልጊዜ እስከ አንጓዋ የምትለብሰውን።

“ኩብራ፣ ሳምቡሳ መጥበስ የጀመርሽው መቼ ነው?” አሉ ቀስ ብለው።

“በመጣሁ በዓመቴ።”

“ክንዴን ያቃጠለኝ የሳምቡሳ ዘይት ነው ብለሽኝ ነበር። ቴሌቪዥኑን ከመኪና ስታወርጂ ግን ጠባሳውን አይቼዋለሁ።”

ኩብራ እጅጌዋን ወደ አንጓዋ ሳበችው።

“ተዪያት፣ እትዬ ሙሉ” አለች ፋጤ። መናደዷና መገላገሏ ፊቷ ላይ ተደባልቀው ነበር። “እንኳንም ውሸት ሆነ። እኔ ነገ በክሪን እጠብቃለሁ። ሳምራ፣ ተነሺ እንሂድ።”

እዚህ ላይ ኩብራ ዝም ብትል የሚቀርባት ነገር አልነበረም። ጨዋታ አዋቂ ውሸታም ትባላለች፣ ሁለት ሳምንት ይስቁባታል፣ ከዚያ ሳምቡሳውን ሊገዙ ይመለሳሉ። ጅዳዋም እንደነበረ ይቆይላታል፤ የሚኒባሱ አናት፣ እልልታው፣ “አለፈላት” የሚለው ቃል። ሳምራ በሩ ላይ ጫማዋን እየፈለገች ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኩብራ የሄደችበት ዕድሜ። ኩብራ ፈራች፤ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም፣ ጅዳም ሆና።

“ሳምራ፣ አንዴ ቆዪ” አለች።

መኝታ ቤት ገብታ ፍራሹን አነሣች። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳያየው የደበቀችው፣ ቴሌቪዥኑ ቢበላሽ ያስፈልጋል ብላም ያልጣለችው፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከዚያ ወጣ። ተመልሳ ለሳምራ ሰጠቻት።

“ለእናትሽ አንብቢላት።”

ሳምራ ወረቀቱን ዘረጋችው። “‘የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መሸጫ። ታይዋን፣ ድሬዳዋ’” ብላ ጀመረች። “‘ባለ ሃያ ዘጠኝ ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ። ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ሁለት። የገዢው ስም፣ ሙሜ አልዪ።’” ቀና አለች። “ሙሜ ወንድምሽ አይደለም እንዴ?”

ፋጤ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ እንደሚችል ሰው አገላበጠችው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ከዚያ ኩብራን።

“ታዲያ ከጅዳ ምን ይዘሽ መጣሽ?”

ኩብራ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። የካውያው ጫፍ ከነቅርጹ ክንዷ ላይ ነበር።

“ቻምፓን” አለች።

በቴሌቪዥኑ ማስታወቂያው አልቆ ድራማው ጀመረ። ሠራተኛዋ ትሪዋን ይዛ ገባች፤ የሚያያት አልነበረም። እትዬ ሙሉወርቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ፋጤ ጠባሳውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አልነካችውም፣ አላለቀሰችም። ከጡቷ ሥር መሐረቧን አወጣች፣ ፈታችው፣ አራቱን ፎቶዎች ለሳምራ አቀበለቻት።

“ያዢ” አለቻት። “ለቀበሌ መታወቂያ ይሆንሻል።”