ከጠርሙሱ ግርጌ የቀረው

ወንድሟ ከተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒት ቀማሚዋ የሟቹን ዕቃ ልትሰበስብ እናቷ ቤት ሄደች። ከአልጋው ራስጌ ባለው መደርደሪያ ላይ አምስት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከምትሠራበት መድኃኒት ፋብሪካ ያመጣቻቸው እሷው ራሷ ናት።

የሚጥል በሽታ ወንድሟን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አልለቀቀውም። ኪኒን ደግሞ ጉሮሮው አይቀበልም፤ ሃያ ዓመት ሞልቶት እንኳ ይተፋው ነበር። "እህቴ መድኃኒት ቀማሚ ሆና እኔ ኖራ ልቆርጥም?" እያለ ያላግጥባታል። እሷም ያላትን ሙያ ሁሉ አፈሰሰችበት። የመድኃኒቱ ዱቄት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ተንሳፍፎ ይቆይና ይዘቅጣል። መዝቀጡስ ግድ የለም፤ ጉዱ ከታች ተጋግሮ ድንጋይ የሆነ ለት ነው። የፈሳሹን ማወፈሪያ ስትጨምር ስትቀንስ፣ መጋገር አለመጋገሩን ለመፈተን ጠርሙሶቹን በሞቃት ቁም ሳጥን ስታቆይ ስድስት ወር ፈጀባት። በመጨረሻ ሦስቴ ሲነቀንቁት ወተት መስሎ የሚነሳ ፈሳሽ ወጣላት። ከሙከራው የተረፉትን ስታመጣ የአወሳሰድ ወረቀት እንኳ አልተለጠፈባቸውም ነበር። "ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ" ብላ ለእናቷ ሰጠችና ወደ ሥራዋ ሮጠች። በአምስተኛው ሳምንት በሽታው ልጁን ጣለው፤ አልተነሳም።

አሁን አንዱን ጠርሙስ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ከላይ ያለው ተቀድቶ አልቋል። ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። የቀሩትንም አየቻቸው፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

"እማዬ፣ ይሄ ለምን ቀረ?"

"ታዲያ አተላውን ላጠጣው ኖሯል?" አለች እናት፣ የልጇን ሸሚዝ እያጠፈች።

እናት ዕድሜዋን ዘይት ስትቸረችር የኖረች ሴት ናት። በርሜሉን ሳያናውጡ ጥሩውን ከላይ መቅዳት እንደ እሷ የሚያውቅበት አልነበረም፤ ደንበኞቿ ከሩቅ የሚመጡት ለዚያ ነው።

"እጄ እየተንቀጠቀጠ እንኳ አንድ ቀን አላናወጥኩትም። ጥሩ ጥሩውን ነው የሰጠሁት። ቀን አላጓደልኩበትም።"

ቀማሚዋ ዝቃጩን ዳግም አየችው። መድኃኒቱ ያለው ከታች ነው። ልጁ አምስት ሳምንት ሙሉ ሲጠጣ የከረመው ጣፋጭ ውሃ ነበር። "ነቅንቂው" ማለት ነበረባት፤ አንዲት ቃል። ስድስት ወር ሙሉ ስትነቀንቅ ስለከረመች፣ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ጠርሙሱን ነቀነቀችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዝቃጩ ተነሳና ወተት መሰለ። ሥራዋ አንዳች እንከን አልነበረበትም፤ ይኼኔ ነው እንባዋ የመጣው።

እናት ሸሚዙን እንደያዘች ቀና አለች። "ምነው? ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?"

እውነቱን ብትነግራት እናቷ የቀራትን ዕድሜ እንዴት ትገፋዋለች? ሆድ ይፍጀው።

"የለም እማዬ። መድኃኒቱ ከመነሻው የተበላሸ ነው። ስቀምመው ተሳስቻለሁ። አንቺ ያደረግሽው ሁሉ ልክ ነው።"

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"በአንቺ እጅ ነዋ ልጄ የሞተው" አለች በቀስታ።

"አዎ፣ እማዬ።"

ቀማሚዋ አምስቱን ጠርሙሶች በፌስታል ሰብስባ ወጣች። እናቷ እንደ ወትሮው እስከ በር አልሸኘቻትም።