ሳይነግሩ የመሄድ ስትራቴጂ

የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ የውሃ ናሙና መቅጃ ሣጥኗን ከእጇ ስለማትለይ ባልደረቦቿ «ባለጠርሙሷ» ይሏታል። በሰባት ዓመት ውስጥ ቆዳ ፋብሪካውን አሥራ አራት ጊዜ ፈትሻለች። አሥራ አራቱንም ጊዜ የቀዳችው ውሃ ኩልል ያለ ነበር። ከፋብሪካው በታች ያለው ወንዝ ግን አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ይህ ለምን እንደሆነ የጠየቀ አለቃ አልነበረም፤ ወንዙ በገዛ ፈቃዱ ይኳኳል ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ምስጢር አልነበረውም። ደንቡ ተቆጣጣሪ ከመሄዱ ከአምስት ቀን በፊት ለፋብሪካው ደብዳቤ ይጻፍ ይላል። መቼም ሰው ቤት ሳይናገሩ መሄድ ነውር ነው።

አንድ ሰኞ ኃላፊው ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «የቁጥጥርና የሕግ ማስከበር ስትራቴጂ እንድናዘጋጅ ከበላይ ታዘናል» አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ወር በሽፋኑ ቀለም ክርክር አለቀ። ሁለተኛው «ራዕይ» ከ«ተልዕኮ» ይቅደም ወይስ ይከተል ሲባል አለፈ። በሦስተኛው ወር ባለጠርሙሷ እጇን አወጣች።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ትግባልኝ። ‹ተቆጣጣሪ ሳያሳውቅ ይሄዳል› የምትል።»

የሕግ ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ። «ለማን ሳያሳውቅ?»

«ለፋብሪካው ነዋ!»

«እህቴ» አለ ኃላፊው በአባትነት ድምፅ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ጌታዬ፣ ይሄ እንቁላል እኮ በሰባት ዓመት ውስጥ ቅድመ አያት ሆኗል።»

ሁሉም ሳቁ። የምሳ ሰዓትም ደርሶ ስለነበር ዓረፍተ ነገሯ ያለ ተቃውሞ ጸደቀች።

ኃላፊው ግን ጨዋ ሰው ነው። በማግስቱ ለየፋብሪካው ደብዳቤ አስላከ፦ «ከእንግዲህ ዘወትር ሐሙስ ጠዋት በድንገት የምንመጣ መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን።»

ባለጠርሙሷ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሣጥኗን አንስታ ማክሰኞ ሄደች።

የቆዳ ፋብሪካው ዘበኛ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«ጋሼ፣ ክፈትልኝ።»

«ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ? እኔ የታዘዝኩት ለሐሙስ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳይፈቅድ ብከፍትልሽ ነገ እኔም እንዳንቺ ከውጭ ነው የምቆመው። ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ!»

ሣጥኗን መሬት አስቀመጠች። «አሥራ አራት ጊዜ በዚህ በር ሳልፍ ‹ደህና ዋልሽ› ብለኸኛል። እዚህ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልክም።»

«አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልጠየቀችውም። ሥራውን እንዳታሳጣው ፈርታ ነበር። እሱ ደግሞ ሁሉን አውቃ አፏን የያዘች መስሎት፣ በእህቱ እያፈረ ሰባት ዓመት ዝም ብሏል። ይህን አሁን በሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሁለቱም ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

«ደብዳቤሽ ሲደርስ የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያው ሞተር ይነሳል» አለ ወንድሟ በመጨረሻ። «አንቺ ስትወጪ ይጠፋል። እንደሱ የሚያርፍ ሠራተኛ እዚህ ግቢ የለም። ስሚኝ፣ ይህን በር አልከፍትም። ከአጥሩ ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወጣውን ቱቦ ጠብቅ ያለኝ ግን የለም።»

ዞራ ሄደች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ትኩስ ነበር፤ ቀለሙ ሰማያዊ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሦስተኛውን ጠርሙስ ስትከድን ሥራ አስኪያጁ በሚያብረቀርቅ ጫማው እየተንሸራተተ ከተፍ አለ።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ አይደለም!» ብሎ ጮኸባት።

ቃሉን እንዳለ በሪፖርቷ ላይ አሰፈረችው።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ኃላፊው ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ሊያስተኛው ፈልጎ ነበር። ያልታሰበ ነገር ያደረገው የሕግ ባለሙያው ነው። መነጽሩን አደረገና፣ «ያጸደቅነው ‹ሳያሳውቅ› ይላል። ሐሙስ የሚል የለበትም» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊመልሰው አልቻለም። የፋብሪካው ቀለም ክፍል ታሸገ፤ የተከፈተው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ማጣሪያው ያለማቋረጥ መሥራቱ ሲረጋገጥ ነው። ኃላፊውም በአንድ ጉባኤ ላይ «ድንገተኛ ፍተሻ የተባለውን ሐሳብ እንዴት እንዳፈለቅሁ» በሚል ርዕስ ንግግር አድርጎ ተጨበጨበለት።

ፋብሪካውም ትምህርት ወሰደ፦ ቱቦው ዘበኛ ተመደበለት። ወንድሟ በሩን እንዳልከፈተ ስለተረጋገጠ፣ ለዚህ ታማኝነቱ ወንበር ተሰጥቶት ወንዙ ዳር እንዲቀመጥ ተደረገ።

በሳምንቱ ልታየው ሄደች።

«ዓሣ አየህ?»

«ዓሣ የለም። አንዲት እንቁራሪት አለች፤ እሷም ታማለች መሰለኝ።»

እህቱ ሣጥኗን ገልብጣ ተቀመጠችበትና ስለ ሥራው ትጠይቀው ጀመር። ፈረቃው እስኪያልቅ ሲነግራት ዋለ።