የራሰ በራው ማክሰኞ

ለወዳጅም ለጠላትም ይሰማ፤ ፀጉር ሠሪዋ ሻምፖ ቀየረች።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ሴትዮዋ ሱቋን ከከፈተች ጀምሮ ከዚያ ከአረንጓዴው ሻምፖ በቀር ሌላ ነክታ አታውቅም። ባሏ ሲሞት እንኳ አልቀየረችም። አሁን የገዛችው ለውዝ ለውዝ የሚሸት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ «ለተጎዳና ለሚነቃቀል ፀጉር» ይላል። የተገዛው ደግሞ ራሱ ላይ አንዲት ዘለላ ለሌለው ሰው ነው።

ሰውየው ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሲሆን ሰፈሩ «ፍሬን» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም፤ በሰዓቱ ደርሶም አያውቅም። ቀይ መብራት ሲያይ ይቆማል፤ አረንጓዴ ሲያይም «ሊቀላ ይችላል» ብሎ ያዘግማል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህማ ጭራሽ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ተቀመጠ።

አንድ ቀን እህቱን ፀጉር ልታሠራ አምጥቶ በር ላይ ሲጠብቅ፣ ፀጉር ሠሪዋ ለቀልድ ያህል፣ «እርስዎስ አይታጠቡም?» አለችው። ፍሬን ቀልድ አይገባውም፤ ወይም ከሰው ሁሉ በላይ ይገባዋል፤ እስከ ዛሬ አልተለየም። ባርኔጣውን አውልቆ ማጠቢያው ወንበር ላይ ጋደም አለ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። ሰበቡ ፎሮፎር ነው። መላጣ ራስ ፎሮፎር ከየት እንደሚያመጣ የጠየቀ የለም። አብራት የምትሠራው ልጇ ሳምንት በሳምንት ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ፎሮፎሩ ተሻለዎት?» ትለዋለች።

«ኧረ እየተመለሰ ነው ልጄ» ይላል በሐዘን።

«በዘራችን አለ» ትላለች እህቱ፣ ከተቀመጠችበት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አጠባው እንዲህ ነው። ፀጉር ሠሪዋ የውሃውን ሙቀት በክንዷ ትሞክራለች። ከግንባሩ ትጀምርና ወደ ኋላ ትሄዳለች። ፀጉር ያለው ሰው ሲታጠብ ጣት ጫካ ለጫካ ይዳክራል፤ እዚህ ግን አውራ ጎዳና ነው። ከማጅራቱ ከፍ ብላ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ጣቷ እዚያ ሲደርስ ፍሬን የመጨረሻውን ተሳፋሪ አውርዶ ሞተር እንዳጠፋ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። ታዲያ ጣቷ እዚያች ጉብታ ላይ ከሚገባው በላይ ቢቆይ ማን ይፈርድባታል?

የሚፈርድባት እንኳ ነበረች። ዳኛዋ። ጡረታ ስትወጣ ፍርድ ቤቱን ለቀቀች እንጂ ችሎቱን አልለቀቀችም። ቀጠሮዋን ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ያዞረችው «ጭር ስለሚል» ነው ብላለች። እሷና የፍሬን እህት ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ከማጠቢያው ትይዩ ሁለቱ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች ሥር ይቀመጣሉ። ካስኮቹ ያረጁ ናቸው፤ ሲነሡ ወፍጮ ቤት የገባህ ይመስልሃል። በዚህ ሙያ ደግሞ የታወቀ ሕግ አለ፤ ካስክ ሥር የገባች ሴት አትሰማም። ባል የሚታማው፣ አማት የምትቦጨቀው ካስክ ሲበራ ነው። ፀጉር ሠሪዋ በዚህ ሕግ እንደ ነፍሷ ታምናለች። ራሷ ግን አንድም ቀን ካስክ ሥር ተቀምጣ አታውቅም።

የዚያን ዕለት ማክሰኞ፣ ሁለቱ ሴቶች ካስክ ሥር ሆነው፣ አዲሱ ሻምፖ ገና አረፋ እንዳወጣ ፍሬን ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ።

«ልጄ ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ጠቅልለህ እኛ ከተማ ግባ ብሎኛል።»

ጣቶቿ ቆሙ። «እና ምን አሉት?»

«አስብበታለሁ አልኩት።»

ደነገጠች። ይህ ሰው አስብበታለሁ ካለ አለቀ፤ እምቢ የሚባል ማርሽ አልተገጠመለትም።

«እዚያስ ፀጉር ቤት አለ?» አለችው፣ ድምጿን የወሬ ለማስመሰል እየታገለች።

«የወንዶች ነው። በምላጭ ነው የሚሠሩት።»

«ምላጭ ለእርስዎ ምን ያደርጋል!»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለመሽኮርመም ጉልበቷ አይፈቅድላትም። የጡረታ ገንዘቡን አትፈልግም፤ ማድ ቤቷ ውስጥ ወንድ እንዲንጎራደድባትም አትፈልግም። የምትፈልገውን ግን ታውቃለች፤ ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ አላለችውም እንጂ። እጇ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ራስ ላይ ነው። የእሷን ራስ፣ ባሏ ካለፈ ወዲህ፣ ከማበጠሪያ በቀር የነካው የለም። ቅዳሜ ሲሄድ ይህንን ሳትነግረው ቢቀር ደግሞ ከእንግዲህ ለማንም የምትነግረው አይመስላትም።

«ስሙኝማ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ምን አሉኝ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው!»

«ካስኩ ይጮሃል፣ አልሰማሁም!»

ልጇ ወለሉ ላይ የወደቀ ፀጉር ትጠርጋለች። አንዲቱን ቦታ ሲጠርጉ መዋል ይቻል እንደሆነ የሚጠራጠር ቢኖር ያን ቀን መጥቶ ይያት። ፀጉር ሠሪዋ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። ሳንባዋ የቻለውን ያህል ጮኸች።

«ከመሄድዎ በፊት የእኔን ራስ ይጠቡልኝ! እጅዎ እንዲነካኝ እፈልጋለሁ!»

መብራት የጠፋው «ይጠቡልኝ» ላይ ነው።

ካስኮቹ ቀጥ አሉ። የቀረው ቃል ሁሉ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ግድግዳውን እየነካ፣ መስታወቱን እየነካ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት አለፈ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

መጥረጊያው ቆመ። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ማጠቢያው ቀዳዳ ላይ ተክላ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ብላ ተመኘች። ግን ሱቁ ፎቅ ላይ ነው፤ ብትከፈትም የምትወድቀው ከታች ያለው ጥርስ ሐኪም ላይ ነው።

ፍሬን ቀስ ብሎ ተነሣ። ጆሮው ላይ አረፋ አለ፤ ውሃው በኮሌታው ይወርዳል። ባርኔጣውን ሊያነሣ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ እሱ ወንበሩን በእጁ ጠረገላት።

«ይቀመጡ» አላት። ከዚያ ትንሽ አሰበና አረመው። «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። የአንገት ማሳረፊያው ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር። ደንበኞቿ ይህን ሁሉ ዘመን ሳያማርሩ መኖራቸው ገረማት። እሱ የፀጉር መያዣዎቿን አንድ በአንድ ነቅሎ መደርደሪያው ላይ ደረደረ። ውሃውን ከፈተ፤ ሙቀቱ እስኪስማማው አቆያት። ሰፊና የከበደ የሹፌር እጅ ነው። ለአውቶቡስ ነውር የነበረው ዝግታ ለካ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ኖሯል። ጣቶቹ ከጆሮዋ ጀርባ ዞረው ማጅራቷ ላይ ሲደርሱ፣ ከጉሮሮዋ የሆነ ድምፅ አመለጣት። የራሷ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት።

«ይኼ ፀጉር ብዙ ነው» አላት፣ ጆሮዋ ሥር ዝቅ ብሎ። «ለቅዳሜ አይደርስልኝም።»

«እና ልጅህ?»

«መኪናውን ባዶውን ይመልሳላ።»

ስትስቅ ዓይኗ ተከፈተ። በስተግርጌዋ ትይዩ ካስኮቹ ታዩዋት። መብራቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ካስኮቹ አይነፍሱም፣ አይጮሁም። እህቱም ዳኛዋም ግን ከሥራቸው ራሳቸውን አላወጡም። እርጥብ ፀጉራቸውን እንደተሸከሙ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ምንም እንደማይሰማ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ምን አላት?» አለች ዳኛዋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«አይሄድም» አለች እህቱ።